ከከሰረው ሱቅ ውስጥ የእናቴ ከፈን

እንጀራዬን የማገኘው ከሚዘጋ ሱቅ ነው። ይህን ስናገር የሚያፍርልኝ ሰው አይጠፋም። ሰርግ ቤት ጎን ለጎን ስንቀመጥ «ያ በሰው ኪሳራ የምትሠሪው ሥራ እንዴት ነው?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ደህና ነው እልና ሳህኔ ላይ አቀረቅራለሁ፤ አለዚያ ክፉ ነገር እናገራለሁ። ኦስሎ ውስጥ ሱቅ ይከፈታል፣ ሱቅ ይዘጋል። ሲዘጋ የተረፈው ጫማ፣ ፎጣ፣ ድስትና የሕፃን ልብስ የሆነ ቦታ መድረስ አለበት። እኔ በጅምላ ገዝቼ፣ ለይቼ፣ ፎቶ አንስቼ፣ አንድ በአንድ ኢንተርኔት ላይ እሸጠዋለሁ።

ከዚያ በፊት ባርነሃገ፣ ሕፃናት ማቆያ፣ ውስጥ የሰው ልጅ ሳነሳና ሳስቀምጥ ወገቤ አለቀ። ሐኪሙ ሥራ ቀይሪ ባለኝ ሰሞን ሞርተንሩድ አካባቢ አንድ ጫማ ቤት ሊዘጋ መሆኑን ሰማሁና የተረፈውን የልጆች የበረዶ ቦት ጫማ በሙሉ ገዛሁ። ቤት አምጥቼ ስፈታው ከላይ ያሉት ደህና ነበሩ፤ ከታች ያሉት ግን አንድ አንድ እግር ብቻ ናቸው። መስታወት ውስጥ ለእይታ የቆመው ጫማ ሁሉ ጓደኛው ጠፍቶ ኖሯል። ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ካርቶን የማስከፍተው ከታች ነው፤ ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ።

ሥራው ዓይንና ወረቀት ይፈልጋል። ዓይን ይለመዳል። ወረቀቱ ላይ ግን አልደራደርም። ባለቤቱ በፈቃዱ የሚዘጋ ከሆነ ከእሱ እገዛለሁ፣ ደረሰኝ እቀበላለሁ። ሱቁ ከስሮ ፍርድ ቤት ከደረሰ፣ ኮንኩርስ የሚሉት ማለት ነው፣ ባለቤቱ መርፌ እንኳ መሸጥ አይችልም። ፍርድ ቤቱ የሾመው ጠበቃ ንብረቱን ተረክቦ፣ ቁልፉን ቀይሮ፣ ለገዥ የሚታይበትን ቀን ቆርጦ ይሸጣል። ይህን ጠበቃ ቡስቲረር ይሉታል። አንድ ያገሬ ሰው መኪናው ውስጥ የሞላ ሽቶ አሳይቶኝ «እህቴ፣ ደረሰኝ ምን ይሠራልሻል? ዕቃው እኮ ንጹሕ ነው» ቢለኝ፣ ንጹሕ ከሆነ ለምን ከመኪና ትሸጠዋለህ ብዬው እስከ ዛሬ ተኳርፈናል። ማስታወቂያ ስጽፍም ጉድለቱን አስቀድማለሁ። ዚፑ ይጠብቃል፣ ሳጥኑ ተቀዷል፣ አንዱ ቁልፍ የለም እላለሁ። ሰው ይህን ሲያነብ የቀረውን ያምነኛል።

እናቴ ወደ እኔ የመጣችው አባቴ ደሴ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ሃውገሩድ ባለው ቤቴ ከእኔና ከልጄ ጋር ትኖራለች። ልቧ ደካማ ነው፤ ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቆማ ግድግዳ የምታይ ትመስላለች። ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት ሐጅ አድርጋ ነበር። ከመካ ስትመለስ ለዘመድ ተምርና መቁጠሪያ አመጣች፣ ለራሷ ከፈኗን፣ የምትቀበርበትን ልብስ፣ አመጣች። ብዙ ሐጃጅ እንደሚያደርገው በተቀደሰው የዘምዘም ውኃ ነክራ ያደረቀችው ነጭ ጥጥ ነው። የወንድ ከፈን ሦስት ቁራጭ ነው፣ የሴት አምስት። አምስቱን ደራርባ አጥፋ በዚያው ጨርቅ ቅዳጅ አስራው፣ አውሮፕላን ውስጥ ጭኗ ላይ አድርጋ ኦስሎ ገባች። ሌላው ሻንጣዋ ቢጠፋ ግድ አልነበራትም።

ቁም ሣጥኗ ውስጥ የመጨረሻው መደርደሪያ ላይ አኖረችው። ልጄ እዚሁ የተወለደች ናት፤ ከፈን ምን እንደሆነ ማንም አልነገራትም፤ እኔም አልነገርኳት። አንድ ቅዳሜ የሴት ጫማ ፎቶ ሳነሳ ግድግዳችን ቡናማ ስለሆነ ምስሉ እየጨለመ አስቸገረኝ። ከወጥ ቤት ሆኜ «ነጭ ጨርቅ ፈልጊልኝ» አልኳት። ፈልጋ አገኘች። ጎበዝ ናት፣ ተኩሳ ጭምር ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጠፈችው። ቀይ ባለተረከዝ ጫማ እፊቱ አቁሜ አነሳሁ። ፎቶዬ እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም፤ ሰዓት ሳይሞላ አንዱ ጫማ ተሸጠ።

እናቴ የከሰዓቱን የአስር ሶላት ሰግዳ ከክፍሏ ስትወጣ አየችው። አልጮኸችም። «ይሄ እኮ የኔ ልብስ ነው» አለች። ምን እንደሆነ ያስተዋልኩት እኔም ያን ጊዜ ነው። ልጄ «ኡንሽል፣ ይቅርታ አያቴ፣ የአልጋ ልብስ መስሎኝ እኮ ነው» ብላ ስታወርደው ፕላስተሩ ጠርዙን ይዞ አስቸገራት። ምን እንደሆነ ስነግራት መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ አለቀሰች። እናቴ ጨርቁን አራግፋ አጠፈችው፣ አሰረችው፣ በማግስቱ ነጠላዋን ለብሳ ይዛው ወጣች።

የወሰደችው ሐጂ ዘንድ ነው። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው። ግሮንላንድ አካባቢ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የጨርቅና የልብስ ሱቅ ነበራቸው፤ የዒድ ልብስ፣ ሻሽ፣ ሽርጥ፣ የመስጊድ ምንጣፍ። ሰው ሲሞትም ለከፈን የሚሆን ነጭ ጥጥ ከእሳቸው ይወሰዳል፤ ለዚያ ዋጋ ጠይቀው አያውቁም። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ካርቶን ነበረ። እንደ እናቴ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ፣ ከፈናቸውን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ የቸገራቸው አሮጊቶች እዚያ ውስጥ በአማና፣ በአደራ፣ አኑረዋል። ስም አልተጻፈበት፣ ወረቀት የለው። የሳሎን ዕቃ አይደለም፤ ቀኑ ሲደርስ ሐጂ አውርደው ይሰጣሉ፣ በቃ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ። እናቴ አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ በሱቁ በኩል ታልፍና ቀና ብላ ካርቶኑን አይታ፣ ሐጂን መርቃ ትመለሳለች።

የሐጂ ሱቅ መክሰሩን ያወቅሁት ከሰው አይደለም። ጠዋት ጠዋት ሻይ እየጠጣሁ ለሽያጭ የወጡ የከሰሩ ሱቆችን ዝርዝር አያለሁ፤ ሥራዬ ነው። «ጨርቃ ጨርቅ፣ ልዩ ልዩ» የሚል ከፍቼ ፎቶውን ሳገላብጥ መደርደሪያውን አወቅሁት። የመስጊድ ምንጣፎቹ ተጠቅልለው ቆመዋል። ከላይ ጥግ ላይ ያ ካርቶን አለ፤ ጎኑ ላይ የቁጥር ወረቀት ተለጥፎበታል።

የእኛ ሰው ሁሉ ሰምቶ ኖሯል። ማንም ለማንም አልተናገረም። ጨርቅ የሚነግዱት ያገሬ ልጆች ወደ ጨረታው ላለመሄድ ተስማምተዋል አሉ፤ ስብሰባ ተቀምጠው አይደለም፣ እንዲሁ በይሉኝታ። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፣ እኛ ምሳር አንሆንም ማለታቸው ነው። እኔም ላለመሄድ ወስኜ ስልኬን ዘጋሁ። ከሰው ሱቅ እገዛለሁ እንጂ እናቴ ከመረቀችው ሰው ሱቅ አልገዛም ብዬ ነበር።

እናቴ ግን ከመስጊድ ሰምታ መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ልብሴስ?» አለችኝ።

ሌላ እገዛልሻለሁ ልል አፌን ከፍቼ ፊቷን ሳይ ተውኩት። ያን ጨርቅ በገዛ እጇ ዘምዘም ውስጥ ስትነክረው አባቴ ጎኗ ቆሞ ባልዲውን ይዞላት ነበር። ሐጁን አብረው ነው ያደረጉት። እሱ በራሱ ከፈን ተቀበረ፣ የእሷ ቀርቷል። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም ነበር፤ ይህን አገር አልጠየቀችኝም፣ ይህን ቤት አልጠየቀችኝም። «በሱ ቅበሪኝ፣ በቃ» ነው ያለችኝ። ያን ቀን ደግሞ ከንፈሯ እንደ መጥቆር ብሎ ነበር።

ሃውገንስቱዋ ወደሚገኘው የሐጂ ቤት ሄድኩ። ብቻቸውን ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞተች ቆይቷል። ሶፋው ላይ አስቀምጠውኝ እሳቸው ቆሙ። ተነሺ ያሉኝ መሰለኝና ተነሳሁ፤ ሁለታችንም ቆመን አወራን።

«ለቡስቲረሯ ካርቶኑ የሰው መሆኑን ለምን አልነገሯትም?» አልኳቸው።

«በምን አፌ ልንገራት? ልጅ እግር ናት። ቁልፍ ልትረከበኝ ስትመጣ፣ ይሄ የሰዎች የመቀበሪያ ልብስ ነው ልበላት? ደግሞስ የከሰረ ሰው ሁሉ ይሄ የኔ አይደለም፣ ያ የኔ አይደለም ይላል። ዕቃ የደበቅኩ ይመስላል።» ኪሳቸው ገብተው አንድ ቁልፍ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «የኋላውን በር ቁልፍ አልቀየሩትም። ይሄ ትርፉ ነው። አንቺ ሕጉን ታውቂያለሽ ልጄ፣ ምን ላድርግ?»

ቁልፉን አየሁት። አልዋሽም፣ ትንሽ አሰብኩበት። ከዚያ ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። «እናቴ የራሷን ልብስ እንደ ሌባ በኋላ በር አታወጣም» አልኳቸው። «ቁልፉን ይመልሱላት። የቀረውን ለኔ ይተዉት።»

ቡስቲረሯን ደወልኩላት። ከዚህ በፊት የሁለት ሱቅ ዕቃ ከእሷ ገዝቻለሁ፤ ደረቅ ናት፣ ግን ቃሏን ትጠብቃለች። ሳላሳምር ነገርኳት። እዚያ ካርቶን ውስጥ ያለው የአሮጊቶች የመቀበሪያ ልብስ ነው፣ የሱቁ አይደለም፣ ወረቀት የለንም አልኳት። ነገሩ አበቃ ብዬ ነበር። እሷ ግን የሰው ንብረት የኪሳራው አካል እንዳልሆነ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው መጥተው የየራሳቸውን ለይተው ካሳዩ እንደምትሰጣቸው ነገረችኝ። ዕቃው ለገዥ በሚታይበት ቀን ጠዋት፣ ከገዥዎቹ ቀደም ብለን እንድንገባ ፈቀደች። ይኸው ነው። ከመጀመሪያው አንድ ሰው አፉን ቢከፍት የሚያልቅ ነገር ነበር። እኛ ግን ከመጠየቅ ማጣት ይቀለናል፤ ይሉኝታችን ስንቱን አሳጥቶናል።

አሮጊቶቹ እናቴን ጨምሮ አራት ናቸው። ከባቡር ጣቢያው እስከ ሱቁ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ያንሸራትት ስለነበር እየተያያዝን፣ እየቆምን ሄድን። እናቴ ሁለት ጊዜ ግድግዳ ተደገፈች። ሱቁ ውስጥ ማሞቂያው ጠፍቷል። ዕቃው ሁሉ በቁጥር ተከፋፍሎ በእንጨት ርብራብ ላይ ተቆልሏል። ሐጂ መጥተው ጥግ ቆመዋል፤ በራሳቸው ሱቅ ውስጥ ግቡ ማለት የማይችሉ እንግዳ ሆነዋል። በእጃቸው ብቻ ሰላም አሉን።

ቡስቲረሯ ካርቶኑን አስወርዳ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ቀደም ብለው የመጡ ሁለት ገዥዎች ወደ ውስጥ ሲያዩ ሄዳ በሩን ዘጋችባቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ እንዴት እንደሚለዩት ጠይቂልኝ አለችኝ። ሳልጠይቅ መለየት ጀመሩ። አንዷ ቋጠሮውን ዳስሳ አነሳች፤ የአስተሳሰሯ ዓይነት ነው። ሌላዋ አሽታ ተወችና ሁለተኛውን አንስታ አሸተተች፣ እሱን ደረቷ ላይ አደረገችው። ሦስተኛዋ ዓይኗ አይታይም፤ ሐጂ አንዱን እጇ ላይ ሲያኖሩላት በጣቷ ጠርዙን ተከትላ ሄዳ «የኔ ስፌት ነው» አለች። ጠበቃዋ ጓንቷን አውልቃ ኪሷ ከታ ነበር። ለምን እንዳወለቀች አላውቅም፤ ቤቱ ብርድ ነው።

አንድ ቀረ። ሐጂ በሁለት እጃቸው አንስተው ለእናቴ ዘረጉላት። እናቴ ተቀበለች። ቋጠሮውን ፈታ አድርጋ የታጠፈውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ገለጥ ገለጥ አደረገች፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ ነው የገለጠችው። ሐጂን ቀና ብላ አየቻቸው፤ እሳቸው ወለሉን ያያሉ። መልሳ አሰረችው።

«የሷ ነው?» አለች ጠበቃዋ። ተረጎምኩላት።

«ሐጂ ከሰጡኝ የኔ ነው» አለች እናቴ።

«ያ» አልኩ ለጠበቃዋ፣ አዎ ማለቴ ነው። የእናቴ መልስ ረዘም ማለቱን እንኳ ልብ አላልኩም።

አሮጊቶቹ ሲወጡ ሐጂ እኔን ወደ ኋላ አስቀሩኝ። ከውጭ ያሉትን ገዥዎች በመስታወቱ እያዩ፣ ከኛ ሰው ማንም አልመጣም? አሉኝ። አፍረው ነው፣ እርስዎን ላለማሳፈር ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሱቄ ሲሸጥ እንኳ አንድ የማውቀው ፊት ባይ ምን ነበረበት» አሉ። ከዚያም «አንቺ ግዢው ልጄ። ጨርቁን የሚያውቅ ሰው ይግዛው» አሉኝ። ለካ እኛ ያከበርናቸው መስሎን ብቻቸውን ጥለናቸዋል። የዚያኑ ዕለት ዋጋዬን አስገባሁ፤ ጨርቁ ለእኔ ወጣ፣ በደረሰኝ።

ቤት ስንገባ እናቴ ክፍሏ ገብታ በሩን ሳትዘጋ አልጋዋ ላይ ከፈኑን ፈታችው። ሻይ ይዤላት ገባሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቁራጭ ዘርግታለች። የቀረውን ፈለግሁ፣ የለም።

«ሦስት ነው» አልኩ።

«አዎ።»

«የወንድ ነው ይሄ።»

«የሐጂ የራሱ ነው» አለች። «ሽታው የዘምዘም ነው። እሱም ከመካ አምጥቶ ነበር። የኔን አጥፍቶት የራሱን ሰጠኝ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ሳለን አውቄአለሁ።»

ሻዩን አስቀመጥኩት። ቁጣዬ ሲመጣ ቀስ ብሎ አይመጣም። በአማና የተቀመጠ የእናቴን ከፈን! አደራ በላ ብዬ ጮኽኩ፤ ሐጂን አደራ በላ አልኳቸው። እናቴ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አይቼው በማላውቀው ዓይን አየችኝ።

«ዝም በይ። ሱቁ ተወስዶበታል፣ ቁልፉ ተወስዶበታል። በዚያች ጠበቃ ፊት ደግሞ አደራውንም በላ ብዬ ላዋርደው? የሰው ልብስ ለብሼ አልቀበርም። ውሰጂለት፣ መልሺለት። ምን እንደሆነም ጠይቂው። በቁጣ ግን እንዳትጠይቂው።»

እኔ ግን መጀመሪያ ለቡስቲረሯ ደወልኩ። በአፌ አዎ ብያታለሁ፣ ነገሩ ደግሞ እንዲያ አልነበረም፤ በእንዲህ ያለ ነገር ላይ መተኛት አልችልም። ከካርቶኑ የወጣው አንዱ የባለሱቁ የራሳቸው የመቀበሪያ ልብስ ነው አልኳት። እሷም ለከሰረ ሰው የሚለብሰው ልብስ ይተውለታል፣ ይሄም ልብስ ነው አለችኝ። አመስግኜ ዘጋሁ።

ሐጂ በሩን ከፍተው እጄ ላይ ያለውን ሲያዩ ሄደው ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ በዚህ ጊዜ እኔ ቆምኩ። ላለመቆጣት ነው።

«አወቀች?» አሉ።

«እዚያው ጠረጴዛው ጋ አውቃለች።»

«ታዲያ ለምን ዝም አለች?»

«እርስዎን ላለማሳፈር።»

ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። አልቅሰው እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ከዚያ ነገሩኝ። ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት ነው። እዚህ ከመጣች ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ ሆቴል የምታጸዳ፣ ዘመድ የሚባል የሌላት፣ የተከራየችው ክፍል ውስጥ በድንገት ሞተች። የሚያጥቧት ሴቶች ከፈን ፈልገው ሐጂ ዘንድ መጡ። ሐጂ ወደ መደርደሪያው ዞሩ፤ ነጭ ጥጥ የለም። አቅራቢው ዕቃ መላክ አቁሟል፣ የቀረው የሚያብረቀርቅ የመጋረጃ ጨርቅ ነው። ሴቶቹ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

«ሐጂ ተብዬ፣ ከሱቄ ከፈን ጠፋ ልበላቸው?» አሉኝ። «የራሴን ልሰጥ አሰብኩ፤ ሦስት ነው፣ ሴት ናት፣ አይበቃትም። ካርቶኑን አወረድኩት። የእናትሽ ከላይ ነበረ። ሌላ ምክንያት የለውም ልጄ፣ ከላይ ስለነበረ ነው። እተካለሁ ብዬ ነው። ጨርቁን መተካት ይቻላል፤ ዘምዘሙን ግን ከየት አመጣለሁ? ባዶ ቦታው ሲያስፈራኝ የራሴን አስገባሁበት። እናትሽ ደግሞ አርብ አርብ እየመጣች ትመርቀኛለች። ስትመርቀኝ እንዴት ብዬ ልንገራት? አንድ አርብ ዝም አልኩ፣ ከዚያ በኋላ መናገር አቃተኝ።»

ቁጣዬን ፈለግሁት፣ አጣሁት። ከፈናቸውን ሶፋው ላይ አኖርኩላቸው። አልቀበልም ብለው ገፉት፤ እኔም እናቴ የሰው ልብስ አትለብስም አልኳቸው። በመጨረሻ ጭናቸው ላይ አደረጉት። «አውፍ ትበለኝ፣ ይቅር ትበለኝ በያት» አሉኝ። በሩ ጋ ስደርስ ደግመው አሉኝ።

ቤት ስገባ እናቴ ወጥ ቤት መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ልጅቷ ጋ ስደርስ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። አውፍ እንደጠየቋት ስነግራት «አላህ ይበለው፣ እኔ ብያለሁ» አለች። አሁን ስለ ራሷ ታለቅሳለች ብዬ ወንበር ሳብኩ።

«ልጅቷ ረጅም ነበረች?» አለችኝ።

«አልጠየቅሁም እማ።»

«እኔ አጭር ነኝ። ያ ጨርቅ የተቆረጠው በኔ ልክ ነው። እግሯን ሸፍኖላት ይሆን?»

ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ያንን ሁሉ ቀን አልተሰበረም ነበር። ለሐጂ ደወልኩ፤ እሳቸው አላዩም፣ ሴቶቹ ናቸው ያጠቧት። ከሴቶቹ አንዷ ሞርተንሩድ እንደምትኖር ነገሩኝ፣ ቁጥሯን ሰጡኝ። ደውዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ድምፁን ከፍቼ አኖርኩት። እናቴ ሰላም አለቻት፣ ማን እንደሆነች ሳትናገር ጠየቀቻት።

«ረጅም ነበረች የኔ እናት» አለች ሴትየዋ። «አዎ፣ እግሯ ጋ አጥሮን ነበር። የራሴን ሻሽ አውልቄ ጨመርኩበት፤ ነጭ ነበር፣ አዲስ ነበር። ሸፍነናታል፣ አታስቢ።»

«እጅሽን አላህ ይባርከው» አለች እናቴ። «ሻሽሽን የተካልሽ አለ?»

«ኧረ ምን ይተካል።»

ስልኩ ሲዘጋ እናቴ ግድግዳውን ይዛ ተነስታ ክፍሏ ገባች። ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ሰማሁ። ለዒድ የገዛሁላትን፣ ገና ያልለበሰችውን ነጭ ሻሽ ይዛ ተመለሰች።

«ነገ ሞርተንሩድ ሄደሽ ይሄን ስጪልኝ» አለችኝ።

ዓይኔ እምባ ሞልቶ ሻሹን በደንብ አላየሁትም። «እሺ» አልኳት። «ያንቺስ እማ? ያንቺ ከፈንስ?»

«የኔማ ቀድሞኝ ሄዷል» አለችና ሻሹን ፌስታል ውስጥ ከታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።